በግራ በኩል አራት መቶ ሃያ

ሰኞ 2

ባለቤቴ ይህን ደብተር ገዝታ ትራሴ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ለሰው የማትናገረውን ለወረቀት ንገረው፤ በእንቅልፍህ ጥርስህን እያፋጨህ አላስተኛ አልከኝ» አለች። የምደብቀው ነገር የለኝም። ወረቀቱ ግን ደህና ነው።

የእህቴ ባል ከሞተ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ። የጂኦሜትሪ አስተማሪ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ በጭጋግ፣ መኪናው ወደ ግራ ተጠምዝዞ ገደል ገባ። ፖሊስ «ከመጠን ያለፈ ፍጥነት» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። መኪናው ነጭ ኤስዩቪ ነው፤ ከገዛው ገና አራት ወሩ ነበር። እኔ ነኝ የመረጥኩለት። ማለቴ፣ አብረን መረጥን።

የመለዋወጫ ሱቄን ዛሬ ከፈትኩ። ሁለት የፍሬን ሸራ፣ አንድ የዘይት ማጣሪያ ተሸጠ። ቀኑን ሙሉ ዝናብ።

ረቡዕ 4

ስለ ግሩፓችን ልጻፍ፤ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

የመኪና ወዳጆች ነን። በስልክ ሁልጊዜ እንገናኛለን፣ በአካል ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ከመኪና እጥበቱ ጀርባ ባለው ሜዳ። ሥራችን ክርክር ነው። ባለ ታክሲው የጃፓን ካልሆነ መኪና አይመስለውም፤ «ብታስርበውም ይሄዳል» ይላል። ሐኪሙ የጀርመን አፍቃሪ ነው፤ መኪናው የዓመቱን ግማሽ ጋራዥ ተኝቶ ስለሚከርም «ከበሽተኞችህ ሁሉ የሚብሰው እሱ ነው» እያልን እናበሽቀዋለን። ሽቅርቅሩ መኪና ነጋዴ ነው፤ ከጫማው እስከ መነጽሩ ያብረቀርቃል፣ የሚሸጠውም እንደዚያው። እኔን «ዳኛው» ይሉኛል። ክርክሩ ሲከር «ዳኛው ይፍረድ» ይባላል፣ እፈርዳለሁ፣ ያልቃል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ፍርዴን አንስቼ አላውቅም።

አማቼን፣ የእህቴን ባል፣ ግሩፑ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ሙግቱን ግን ይወደው ነበር። ሲገዛ ጥቁር አረንጓዴ ነበር ያማረው። «ስትሸጠው ማን ይገዛሃል? ነጭ ይሻልሃል» አልኩት። ሳቀና «ዳኛው ካለ አለቀ» አለ።

ቅዳሜ 7

ሜዳው ሄድኩ። እንደ ድሮው ለመሆን ሞከርን። የቀለም ነገር ተነሣ። ሐኪሙ «ጥቁር መኪና እንደ ቅምጥል ልጅ ነው፤ በየቀኑ እጠቡኝ ይላል» አለ። ባለ ታክሲው ደግሞ «ብርማ ነው የሚያዋጣው። ጭቃውንም ጭረቱንም ይሸሽጋል» አለ። ሽቅርቅሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፤ መኪናው ንጹሕ ነበር። አንተው ፈርደህለታል» አለኝ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ለእኔ ብቻ።

ያኔ የሁላችንም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ።

ግሩፑ ውስጥ መልእክት ገብቷል። የላኪው ስም «አስተማሪው» ይላል። ፎቶውም ያው የአማቼ ነው፤ ጠመኔ በያዘ እጁ ፊቱን ከፀሐይ ሲከልል።

«ነጭ መኪና በጭጋግ ውስጥ ይታያል?»

የእጥበቱ ውሃ ብቻ ይሰማ ነበር። ባለ ታክሲው ስልኩን ኮፈኑ ላይ ጣል አድርጎ እንደ ጋለ ብረት ሸሸው። «ቁጥሩን ለሌላ ሰው ሰጥተውት ይሆናል» አለ ሽቅርቅሩ። ፎቶውንስ?

ሐኪሙ ጥቂት አንገራገረና መጻፍ ጀመረ። «እንደ እውነቱ ከሆነ ነጭ በጭጋግ አይለይም። ቀይ ወይም ቢጫ ይሻላል። መብራት ማብራት ግን ግድ ነው።» አፈጠጥንበት። «ምን ላድርግ? ጠየቀኛ!» አለ። ሐኪሙ ሬሳ ቢጠይቀውም አስተያየት አይነፍግም።

ባለ ታክሲው ስልኩን መልሶ አነሣና «ማነህ?» ብሎ ጻፈ።

መልሱ የመጣው ወደየቤታችን ከተበተንን በኋላ ነው። «እኔ ነኝ።»

እሑድ 8

እህቴ ዘንድ ዋልኩ። ታናሼ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ እኔው ነኝ ያሳደግኳት ማለት ይቻላል። ባለቤቴ የላከችላትን ምግብ ሁለት ጊዜ ቀምሳ ተወችው። የእጅ ሰዓቷ ክንዷ ላይ ይሽከረከራል።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት» አለችኝ። ያን ቀን ቁልፏን ረስታ ደጅ ቆማ ዝናብ ይመታት ነበር። ደወለችለት። «ቶሎ ና፣ በብርድ ልሞት ነው አልኩት። እየሳቀ መጣሁ አለኝ። ፍጥነት ነው ብለው የለ? ያስፈጠነው ታዲያ ማን ነው?»

«እንዲህ አትበይ» አልኳት። ሌላ ምን ልበል? ፖሊስ ፍጥነት ካለ ፍጥነት ነው።

የባሏ አባት ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል ከአፋቸው የሚወጣው በመከራ ነው። ስወጣ እጄን ያዝ አድርገው «አንተ የመኪና ሰው ነህ አሉ። መኪና ሰውን የሚከዳው ለምንድን ነው?» አሉኝ። «አባባ፣ ብዙ ምክንያት አለው» አልኩና ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ክሩ ታስሮ ነበር።

ማክሰኞ 10

ነጭ ኤስዩቪ ሱቄ ፊት ለፊት። ሹፌር የለበትም። መጥረጊያው ግን ይወዛወዛል። ሃያ ደቂቃ ያህል አየሁት። ኋላ አንዲት ሴትዮ ከመድኃኒት ቤቱ ወጥታ ነዳችው።

ወደ ቤት ስመለስ አሥራ ሰባት ነጭ ቆጠርኩ። ሰዉ ሁሉ ነጭ እንዲገዛ ስመክር የኖርኩት እኔው ነኝ።

ለማስታወስ ያህል፦ አማቼ ሲገዛ መኪናውን በቀለም ውፍረት መለኪያዬ ለክቼለታለሁ። መለኪያው ያን ቀን ባትሪው ደክሞ ነበር።

ዓርብ 13

እንደገና ጻፈ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ።

«ልብስ ተጥፎ እንደሆነ ገልብጦ ስፌቱን ማየት ነው። መኪና ተጥፎ እንደሆነ ከየት በኩል ተገልብጦ ይታያል?»

እንግዲህ የእኛ ሰዎች! መጀመሪያ ፈሩ፤ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየ ግን ጎርፉ ለቀቀ። አንዱ የበሩን ጎማ ላጥ አድርገህ እይ ይላል። አንዱ የብሎኖቹ ቀለም የተላጠ እንደሆነ ተፈትቷል ማለት ነው ይላል። ሐኪሙ መኪናውን ስለሚሸከመው ብረት፣ ስለ ሻሲ ብየዳ፣ ረጅም ትምህርት ሰጠ። ባለ ታክሲው፦ «ምን ያለፋል፣ በመለኪያ ነው እንጂ! ከመቶ ሠላሳ አይበልጥም ጤነኛው። ሦስት መቶ አራት መቶ ካለ ከሥሩ ስቱኮ አለ፣ ተጋጭቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን እኔ ጠላቴንም አላሳፍርበት። ዳኛው መለኪያ አለው፤ አስተማሪው ሲገዛ የለካለትም እሱ ነው።»

ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። በመሳቢያው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

ሰኞ 16

የተጎዱ መኪናዎች ወደሚቆሙበት ግቢ ሄድኩ። ለሥራ ነው፤ አንዳንዴ ከዚያ መለዋወጫ ይገኛል።

ዘበኛው ጃንጥላ ይዞ አስገባኝ። «ነጩን ነው? እሱን ሰው አይጠጋውም» አለኝ። «ለምን?» አልኩት። «ዝናብ ሲዘንብ ብቻውን ይጠቁማል። ባትሪውን የነቀለው የለም። ውሃ ይገባውና…» ብሎ በጣቱ አብራ ጥፋ እያደረገ አሳየኝ።

እውነቱን ነው። ከብረቱ ክምር መሐል የግራ ፍሬቻው ይበራል፣ ይጠፋል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ጣራው ተጨፍልቋል፣ መስታወት የለም፣ እሱ ግን ወደ ግራ ልታጠፍ ነው እያለ ይነግረኛል።

በግራ በኩል ዞርኩ። ፓራፋንጎው፣ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ እንደ ወረቀት ተቀዷል። ነጩ በተላጠበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ አረንጓዴ ነው። ጥቁር አረንጓዴ። ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ። የፊተኛው የግራ ሻሲ ከሌላ መኪና ተቆርጦ የተበየደ ነው፤ ብየዳው አፉን ከፍቷል። መሪውን የሚይዘው ብረት ከዚያ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል።

አረንጓዴ ነበር የፈለገው።

ዘበኛው «የሚሆንህ አገኘህ?» አለኝ። አላገኘሁም አልኩት።

ሐሙስ 19

ሱቁን በቀትር ዘጋሁ። ከውስጥ ቆልፌ ነው የምጽፈው።

ያን ጊዜ እንዲህ ነበር። ሽቅርቅሩ የመኪናውን ፎቶ ግሩፑ ላይ ለጠፈ። አማቼ «ዳኛው፣ እንዴት ነው?» አለ። እኔም ሻይ እየጠጣሁ፣ ፎቶ ብቻ አይቼ፣ «ንጹሕ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ግዛው» ብዬ ጻፍኩ። አርባ ሰው አጨበጨበልኝ። በማግስቱ መለኪያዬን ይዤ አብሬው ሄድኩ፤ ለወጉ ያህል። ቀኝ በር፣ መቶ አሥር። ኮፈን፣ መቶ ሃያ። የግራ ፓራፋንጎ ላይ ሳስጠጋው ጮኸ። አራት መቶ ሃያ። ሦስት ጊዜ ለካሁት። ሽቅርቅሩ ከኋላዬ ቆሞ መነጽሩን ይወለውላል። አማቼ ደግሞ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ እየሞከረ፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ምን አለ?» አለኝ።

«ትናንት ተሳስቼ ነበር» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። አርባ ሰው ካጨበጨበ በኋላ ግን ሦስት ቃል ከባድ ነው።

«ባትሪው ደክሟል» አልኩት። «መኪናው ግን ደህና ነው።»

ባትሪውን የቀየርኩት በዚያው ሳምንት ነው።

ቅዳሜ 21

ሜዳው አልሄድኩም። ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። ዳኛው ግን ዝም አለ። ዳኛው፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ከዚያ በኋላ ማንም አልጻፈም። እየጠበቁኝ ነው። አረንጓዴዋ ነጥብ ከአስተማሪው ስም አጠገብ እንደ በራች ናት። ስልኩን ገልብጬ በፊቱ ደፋሁት። ባለቤቴ «ማን ነው?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት።

ማክሰኞ 24

እህቴ ባሏ ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት ወጥታ ደጅ ትቆማለች አሉ። ቁልፉን ውስጥ ትታ። በዝናቡ። ጎረቤቶቿ ናቸው ለባለቤቴ የነገሯት። ሐኪሙን ይዤላት ሄድኩ፤ ሳንባዋን አዳመጠ፣ ሲወጣ «ይህች ሴት በዚህ ከቀጠለች ክረምቱን አትዘልቀውም። አንድ ነገር ይበላታል» አለኝ።

አንድ ነገር። አዎ።

ሐሙስ 26

ሽቅርቅሩ አዲስ ፎቶ ለጠፈ። ብርማ ኤስዩቪ። «ቅዳሜ ሜዳው ይዤው እመጣለሁ። ነርሷ ልትገዛው ነው።» ነርሷን አውቃታለሁ፤ ሐኪሙ ጋ የምትሠራ፣ ሦስት ልጆቿን በአውቶቡስ የምታመላልስ። እሷም «ዳኛው ምን ይላል?» ብላ ጻፈች።

ወዲያው ሽቅርቅሩ ደወለልኝ። «አንድ ቃል ብቻ ጣል አድርግላት።»

«ለክተኸዋል?» አልኩት።

«አንተ ካልክ ምን መለካት ያስፈልጋል?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ «እኔና አንተ የቆየን ሰዎች ነን። ያንን ነጩንም አብረን ነው ያየነው» አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ነው፤ ለስላሳ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም በጆሮዬ ውስጥ ቆየ።

ዓርብ 27

ባለቤቴ «ለእህትህ ቀሚሷን እንዲያጠብቡላት ለአማቷ ሰጥቻለሁ፤ ሰውነቷ አልቆ ልብሱ ከላይዋ ሊወድቅ ነው። ሂድና አምጣ» አለችኝ።

የልብስ ሰፊው ክፍል አንድ መስኮት፣ አንድ መኪና… የስፌት መኪና ማለቴ ነው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው እየሰፉ ነበር። ቀሚሱ ገና አላለቀም። ተቀመጥኩ። ስልኬን አውጥቼ ግሩፑን ከፈትኩ፤ ለነርሷ «እስክመጣ ጠብቂኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ጠረጴዛው ላይ፣ ከክር ማጠንጠኛዎቹ መሐል፣ አንድ ስልክ ጮኸ። መስታወቱ ተሰንጥቋል። ሽማግሌው መርፌውን አቆሙና ስልኩን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አነበቡ። ፊታቸው በራ።

«ዳኛው ጻፈ!» አሉ። «በስንት ጊዜው!»

«አባባ… ይህ የማን ስልክ ነው?»

«የልጄ ነዋ። ፖሊስ ከዕቃው ጋር ሰጠኝ። እዚህ ውስጥ ያሉት ሰዎች የማያውቁት የለም ይለኝ ነበር። ምን እንደገደለው ልረዳ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። አንተን በቤት ብጠይቅህ ጫማህን አሰርክ።» አልተቆጡም፤ እንዲያው ነው የተናገሩት።

«በእሱ ስም ለምን? ሰዎቹ እኮ ፈርተዋል። ማነህ ሲሉዎት…»

«እኔ ነኝ አልኳቸው። ምን ልበል? ስሙን መቀየር አላውቅበትም።» ስልኩን በእጃቸው አሹት። «ደግሞ ‹አስተማሪው› ብለው ሲመልሱለት ደስ ይለኛል። ይህ ዳኛው የሚሉት መኪናውን የመረጠለት ነው። ዳኛው ካለ አለቀ ይል ነበር። እሱ ቢነግረኝ ይገባኝ ነበር።»

«አባባ፣ ዳኛው እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፎቶውን፣ መለኪያውን፣ ባትሪውን፣ ግቢው ውስጥ ያየሁትን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ጠመኔያቸውን አንስተው ጠረጴዛው ላይ በነበረው ጥቁር ጨርቅ ላይ ጫፉን አሳረፉ።

«የቀኙ ስንት ነበር?»

«መቶ አሥር።»

«የግራውስ?»

«አራት መቶ ሃያ።»

ሁለቱንም ጻፉ። ልብስ ለመቅደድ እንደሚለኩ ሆነው ረጅም ጊዜ አዩት። እንዲያለቅሱ፣ እንዲሰድቡኝ፣ መቀሱን እንዲወረውሩብኝ ጠበቅኩ።

«ለልጅቷ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«እሷ እኮ እኔ ነኝ የገደልኩት እያለች ነው።» አሁን ድምፃቸው ከፍ አለ። «ታዲያ እኔ ቤት ምን ትሠራለህ?»

ቀሚሱን እንዳላለቀ አንስተው እጄ ላይ ጣሉልኝ።

ደጅ ቆማ አገኘኋት። ዝናቡ አባርቷል፤ ፀጉሯ ግን እርጥብ ነው። ወደ ውስጥ ግቢ ብላት አልገባ አለች። እዚያው ደረጃው ላይ ነገርኳት። ስጨርስ «ድገምልኝ» አለች። ደገምኩላት።

«እንግዲያ አልፈጠነም?»

«መሪው ነው የከዳው። ቀስ ብሎ ቢነዳም ያው ነበር። ያንቺ ስልክ አይደለም።»

«አንተ ይህን እያወቅህ፣ ቤቴ እየመጣህ፣ ብዪ ትለኛለህ።»

«አዎ።»

አልጮኸችም። ቀሚሱን ከእጄ ተቀበለችና፣ «ሂድልኝ» አለች። ጋሼ አላለችኝም። ገብታ ዘጋችው። ከበሩ ውጭ ቆሜ ሰማሁ፤ መጀመሪያ ለቅሶዋን፣ ከብዙ በኋላ የቧንቧውን ውሃ፣ ከዚያ ምድጃው ሲቀጣጠል።

ቅዳሜ 28

ሜዳው ሞልቶ ነበር። ብርማው መኪና ታጥቦ ያንጸባርቃል። መለኪያዬን አውጥቼ፣ ሁሉም እያየ፣ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እያነበብኩ ዞርኩት። መቶ አሥራ አምስት፣ መቶ ሃያ። የኋላው በር ላይ ሦስት መቶ ዘጠና። ጣራው ድረስ። ነርሷ የትንሿን ልጇን እጅ ያዘችና ወደ ኋላ አለች።

ሽቅርቅሩ «ባትሪው ደክሞ ይሆናል» አለ፤ ዓይኔን እያየ።

«አልደከመም» አልኩ። «ያን ጊዜም አልደከመም ነበር።» ለሁሉም ነገርኳቸው። አሥራ አንድ ዓመት የሰሙኝ ሰዎች ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሐኪሙ መሬት መሬት ያይ ነበር። ባለ ታክሲው «እኔ እኮ ላንተ ፍርድ ብዬ ለወንድሜ አስገዝቻለሁ» አለና ሳይጨርስ ተወው። ማንም ሰላም ሳይለኝ ተበተኑ። ሽቅርቅሩ መጨረሻ ነበር የሄደው፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጥቂት አየኝና መልሶ ዘጋው።

ማክሰኞ 1

ጠዋት ሱቁን ስከፍት እህቴ ቆማለች። የጠበበውን ቀሚስ ለብሳለች፤ አንደኛው ጎኑ ገና ሳይሰፋ በነጭ ክር የተሸለለ ነው። «ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ» አለች። የመኪናዬን ቁልፍ ሳወጣ ራሷን ነቀነቀች።

በእግራችን ሄድን። አንድ ሰዓት ያህል። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላዋ። ስትቆም እቆማለሁ። መኪናዎች ጭቃ እየረጩ ያልፉናል፤ ቀለማቸውን አላየሁም። መንገዱን ሁሉ አላናገረችኝም። በሩ ላይ ስንደርስ ብቻ ዞር ብላ «መጀመሪያ የምትናገረውን ታውቃለህ» አለች።

መርማሪው መዝገቡን ከመደርደሪያ አውርዶ አቧራውን አራገፈ። ብዕሩን አነሣ። «ከምን እንጀምር?» አለኝ።

«አማቼ አልፈጠነም» አልኩ።

እህቴ ከጎኔ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች።